የሰው ጠመንጃ

ሃምሳ አለቃ ተፈራ ማረፋቸውን የነገረችኝ አስቴር ናት። ከየካ አባዶ ወደ ሥራ እየሄድኩ ታክሲ ውስጥ ሰው መሃል ተጣብቄ ነበር ስልኬ የጮኸው። «መምህር፣ ሃምሳ አለቃ ዐረፉ» አለች። መቼ ስላት «ጎህ ሲቀድ። አጠገባቸው ነበርኩ» ብላ ዘጋችው። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወርጄ፣ ትምህርት ቤት ደውዬ አስፈቅጄ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚሄድ ታክሲ ፍለጋ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ሞቱ አልነበረም። ታመው ከርመዋል፣ ይጠበቅ ነበር። ሳስብ የነበረው «አጠገባቸው ነበርኩ» ስላለችው ነው። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ ባህር ዛፉ ሊጀምር ሲል፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ እስክወጣ ድረስ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ከወጣሁም በኋላ ፀጉሬን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀይሬ እመጣ ነበር። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚህ ደንበኛቸውን ሁልጊዜ በቀኝ በኩላቸው አድርገው ነው የሚቆሙት፤ ወደ ሌላው ጎን መሻገር ሲያስፈልጋቸው እሳቸው አይዞሩም፣ ወንበሩን ያዞሩታል። ለማንም የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «ራስህን አታነቃንቅ፤ ሐሳብህን እንደፈለግክ።» ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ የፀጉር መቁረጫውን ቶንዶስ ፈትተው፣ በብሩሽ ጠርገው፣ ዘይት ጠብ አድርገው ይገጥሙታል። ሰው ተሰልፎ እየጠበቀም ቢሆን አይተዉትም። አንድ ቀን ቸኩዬ ስነጫነጭ «ብረት ነው፤ ካላየኸው አያይህም» አሉኝ።

ወታደር እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በልጅነታቸው ገብተው ሠራዊቱ እስኪበተን ቆይተዋል። ስለ ጦርነት ሲያወሩ ግን የሰማ የለም። ሌሎቹ የቀድሞ ወታደሮች ጠጅ ቤት ተሰብስበው ያን ኮረብታ እንዲህ ያዝነው፣ ያን ድልድይ እንዲህ አስለቀቅነው ሲሉ፣ እሳቸው ብርሌያቸውን ጨርሰው «በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ይወጣሉ። ሚስት ነበረቻቸው ይባላል፤ እኔ አላየኋትም። ልጅ የላቸውም።

ልጅ የላቸውም ልበል እንጂ ዮናስ ነበር። ዮናስ የአስቴር ልጅ ነው። አስቴር ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ቤቷ ከሃምሳ አለቃ ቤት ፊት ለፊት ነው። አባትየው ልጁ ገና ሳይራመድ ጥሏቸው ሄዷል። የዮናስን የመጀመሪያ ፀጉር የላጩት ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጎበዝም ሰነፍም አልነበረም። ሳቂታ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም ዝም ባለበት ሰዓት ሳቅ የሚያመልጠው ዓይነት ልጅ። አድጎ ሥራ አጥቶ ሰፈር ውስጥ ሲንከራተት ከረመና አንድ ቀን ለውትድርና ተመዝግቦ መጣ። አስቴር ለቀናት አላናገረችውም። ልጁ ሊሄድ ሲል ሃምሳ አለቃ ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ጨርሰው ላጩት። ይመክሩታል ብዬ ስጠብቅ ያሉት «ካልሲ ይዘሃል? እግርህን ጠብቅ» ብቻ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ በፈቃድ መጣ። ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ግማሽ ራሴ ተላጭቷል። ዮናስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ገባ። ጠቁሯል፣ ትከሻው ሰፍቷል። የሃምሳ አለቃን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡትና ፊቱን አገላብጠው አዩት፤ የጎደለ ነገር ካለ እንደሚፈልጉ ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ ፀጉር ተመለሱ።

ጓደኞቹ ፎቶ አሳየን አሉት። ስልኩን አወጣ።

«ይቺ ናት የኔ» አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃ ጭኑ ላይ አጋድሟል።

«ሠራዊቱ የሰጠህ ናት?» አለው አንዱ።

«ኧረ ወዲያ! የማረክኳት ናት። የተሰጠኝማ አርጅቷል፤ ከኔ በፊት ማን ማን እንደያዘው እግዜር ይወቀው። ሲግል ጥይቱ ይነክሳል። ልተኩስ ስትል ቀጥ! ቆመህ ስትታገል ምን እንደሚመጣብህ አስበው። ይቺን እያት፣ አዲስ ናት፣ ትቀላለች፣ ከሩቅ ትመታለች። ጥይቷም ቢሆን ምሽጋቸው ውስጥ በሳጥን ጥለውት ነው የሚሄዱት። ከኛ ውስጥ የሰው መሣሪያ የያዘው ብዙ ነው። አለቆቹም ያያሉ፣ ዝም ነው የሚሉት።»

የቶንዶሱ ድምፅ ራሴ ላይ ቆመ።

«ድምፅዋ እንዴት ነው?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ስትተኩስ። ከናንተው ይለያል ወይ?»

ዮናስ ሳቀ። «በጣም! የኛው ጓ ጓ ነው የሚለው። የሷ እንደ ጅራፍ ነው። ልጆቹ ሲሰሙ ‹ዮናስ ነው› ይላሉ።»

«የሚያውቁህ ናቸው እንደዚያ የሚሉት። የማያውቁህስ?»

መልስ አልጠበቁም። ቶንዶሱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው፣ ጓደኞቹን «እናንተ ትንሽ ውጡልኝ» ብለው በሩን ገፋ አደረጉት። በሥራ ሰዓት ያንን በር ሲዘጉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እኔንም ውጣ ሊሉኝ ይሆን ብዬ ጨርቁን ከአንገቴ ልፈታ ስል፣ ትከሻዬን ጫን አድርገው አስቀመጡኝ። ወሬውን የጀመሩት ለዮናስ ነው፤ ዓይናቸው ግን መስታወቱ ላይ ነበር።

«ጌታሁን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ» አሉ። «ምሥራቅ ግንባር አንድ ጓድ ውስጥ ነበርን፤ እኔ አስር አለቃው። ያኔ የተሰጠን የአሜሪካ ጠመንጃ ነው፤ ረጅም፣ ከባድ። ስምንት ጥይት ይጎርሳል። ስምንተኛውን ስትጨርስ የጥይቱ መያዣ ቂው ብሎ ይዘላል። ጠላት ያንን ሲሰማ ባዶ መሆንህን ያውቃል፤ ተነሥቶ ይመጣብሃል። እነሱ የያዙት አጭር ነው፤ ሠላሳ ይጎርሳል፣ አሸዋም ቢገባው ይተኩሳል። ጌታሁን ከሞተ ሰው እጅ አንዱን አነሣ። ‹ፍቀድልኝ› አለኝ። ፈቀድኩለት። አዎ፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩት። መጀመሪያ ላይ ብታይ ደስ ይላል። ከአንድም ሁለት ጊዜ በዚያች ነገር አትርፎናል።»

ቶንዶሱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«አንድ ቀን ደረቁን ወንዝ ተከትሎ ውኃ ሊያይ ወረደ። ሲመለስ ከነሱ ሰዎች ጋር ተገጣጠመና ተኮሰ። በኛ ቀኝ ኮረብታው ላይ ሌላ የሻምበል ጦር ነበረ፤ የኛው ወገን ነው፤ ጌታሁንን አያውቀውም። የጠላት ጠመንጃ ከኋላው ሲተኮስ ሰማ። መትረየሱን አዞረው። ሰውየውን አላዩትም። ድምፁን ነው የገደሉት። እኔ ተነሥቼ ‹የኛ ነው! የኛ ነው!› እያልኩ እጮሃለሁ። መትረየስ እየተኮሰ ማን ይሰማል?»

ዮናስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር። ቢሆንም አልተረታም። «ጋሼ፣ ያኔ ሌላ ነው» አለ በቀስታ። «አሁን ሬዲዮ አለ። ማን የት እንዳለ እንነጋገራለን።»

«ሬዲዮው ሲዘጋስ?»

«ታዲያ የሚነክሰውን ይዤ ልሙት?»

«አጽዳው። አስቀይረው። አለቃህን አስቸግረው፣ ለምነው። የኛን ድምፅ የሚያወጣ ነገር ያዝ ነው የምልህ።»

«አስቀይሩልን ብለን ነበር እኮ። ማን ይሰማናል?»

በዚህ መሃል በሩ ተገፍቶ አስቴር ገባች። ምሳው እየቀዘቀዘ ነው ልትል ነው የመጣችው። የሦስታችንን ፊት አይታ «ምንድን ነው?» አለች። ሃምሳ አለቃ ነገሯት። ጠቅለል አድርገው ነው የነገሯት፤ የሰው ጠመንጃ ይዟል፣ የገዛ ወገኑ ይገድለዋል አሏት። እሷ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች? የሰማችው የመጨረሻውን ቃል ነው።

«አንተ ልጅ!» አለችው። «እሳቸው እንዳሉህ ነው የምታደርገው። እዚሁ ማልልኝ።»

«እማ፣ አንቺ አይገባሽም—»

«አይግባኝ። ማልልኝ።»

ዮናስ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን አየ። እኔንም አየኝ፤ እኔ ምን እላለሁ፣ ግማሽ ራሴን ተላጭቼ ተቀምጫለሁ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ማርያምን! እጥላታለሁ።» አስቴር እጁን ይዛ ወሰደችው። ሃምሳ አለቃ የቀረውን ፀጉሬን ሲጨርሱልኝ እጃቸው ቀለል ብሎ ነበር። እንዲያውም ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎሩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም።

መርዶው የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው።

ድንኳኑ አስቴር በር ላይ ተተከለ። ሃምሳ አለቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ያመቻቻሉ፣ የመጣውን ሰው ያስቀምጣሉ፤ የቤቱ አባወራ ይመስሉ ነበር። በሠልስቱ አንድ ክንዱን በፋሻ ያሰረ ወጣት መጣ። ሀብታሙ እባላለሁ፣ ከዮናስ ጋር አንድ ምሽግ ነበርን አለ። አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሻይ ሰጠው፣ ሰው ጠየቀው፣ እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረን። ማን እንደሚሰማው አያውቅም።

«ከፈቃድ ሲመለስ የማረካትን ለኔ ሰጠኝ» አለ። «የኔም የተሰጠኝ ተበላሽቶ ነበር። ‹እናቴ ፊት ምያለሁ፣ አንድ ሽማግሌም አስፈራርተውኛል› አለኝ። ሳቅንበት። እሱም ሳቀ። የድሮውን መልሶ ያዘ። ይጠርገው ነበር፤ ቁጭ ካለ እሱኑ ነው የሚጠርገው። ያን ቀን ጠዋት ጎን ለጎን ነበርን። የሱ ነከሰ። ሊያስለቅቅ ጎንበስ ሲል ነው የመቱት። እኔ በዚያችኛዋ እየተኮስኩ ወጣሁ። እሷ ባትኖር እኔም የለሁም።»

ሃምሳ አለቃ ከሀብታሙ ወዲያ ተቀምጠዋል፤ የማይሰማው ጆሯቸው ወደ እሱ ነው። አልሰሙም ብዬ አንድ ጊዜ ተንፈስ አልኩ። እሳቸው ግን የኛን ፊት እያዩ ነበር። ቀስ ብለው ዞሩና ደህናውን ጆሯቸውን ወደ ልጁ አቀረቡ።

«ድገምልኝ ልጄ» አሉ። «በዚያኛው አልሰማም።»

ይተዉት ለማለት በሀብታሙ በኩል ተንጠራርቼ ጉልበታቸውን ነካሁት፤ እጄን አነሡት። ሀብታሙም ደገመላቸው። ለሽማግሌ ነውና ጮክ ብሎ፣ ቃል በቃል ደገመላቸው። ጮክ ማለቱ ነው ክፉው። በወዲያኛው በኩል ሴቶቹ መሃል የነበረችው አስቴር ሰማችው። ‹እናቴ ፊት ምያለሁ› ሲል ቀና አለች፤ ‹ሽማግሌ› ሲል ሃምሳ አለቃን አየቻቸው። አልጮኸችም። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት። ሃምሳ አለቃ የሀብታሙን ደህናውን እጅ ይዘው «እንኳን አንተ ተረፍክ» አሉት። ከአንጀታቸው ነው ያሉት። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በሯ ላይ ሄደው ቆሙ። አስቴር ሳትከፍት ከውስጥ ሆና «ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ አይምጡብኝ። ነገም አይምጡብኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሷ ተሻግራ ታልፍ ነበር። በዚያ ዓይነት ፊት ለፊት በር ተያይቶ መኖር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል።

ሱቃቸውን ዘጉ። ቅዳሜ ስመጣ አጣኋቸው። ሽቅብ እንጦጦ መንገድ ላይ፣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች በሚያርፉበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከታች ከተማው ጭስ ለብሶ ተኝቷል።

«ጌታሁን የሰው ጠመንጃ ይዞ ሞተ» አሉኝ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ። «ዮናስ የራሱን ይዞ ሞተ። ምን ልበል ነበር መምህር?»

«ጦርነቱ ነው የገደላቸው» አልኩ።

«እሱማ ነው። ግን ጦርነቱ ቤቴ መጥቶ አልመከረውም። የመከርኩት እኔ ነኝ።»

ከተማውን እያዩ ራሳቸው ቀጠሉ።

«ወታደር የሰው መሣሪያ ለምን እንደሚያነሣ ታውቃለህ? የማያውቅ ሰው አምሮት ነው፣ ጉራ ነው ይላል። ጉራም አለበት። ዋናው ግን እሱ አይደለም። የተሰጠህ ነገር አንድ ጊዜ በጭንቅ ሰዓት እምቢ ካለህ በኋላ መልሰህ አታምነውም። ብትጠርገው፣ ብትወለውለው፣ አታምነውም። በዚያች ሰዓት አለቃ የለም፣ አገር የለም፣ እጅህ ላይ ያለው ብረት ብቻ ነው ያለው። ከመሬት ያነሣኸው ከታመነልህ እሱ ነው ወንድምህ። ዮናስ ይህን በራሱ ዓይን አይቶት ነበር። እኔ ያላየውን ነገርኩትና ያየውን አስጣልኩት።»

ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያችን የሰው ጠመንጃ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ እንደ ጌታሁን ሊሆን ይችል ነበር። ሀብታሙ ግን አልሆነም። ይህንን «ግን» ነው ሃምሳ አለቃ ይዘውት የኖሩት።

ቆይተው ሱቁን መልሰው ከፈቱ፤ መብላት አለባቸው። ፀጉር እንደ ድሮው በጥንቃቄ ያስተካክላሉ፤ ጨዋታው ግን ቀረ። አንድ ጊዜ ሊሄድ የተዘጋጀ ወጣት መጥቶ ሊላጭ ተቀመጠ። ወሬውን ሰምቷል መሰለኝ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ይምከሩኝ እስቲ» አላቸው። የልጁን ራስ በሁለት እጃቸው ወደ መስታወቱ አቃኑት።

«የኔ ልጅ፣ ምክር የለኝም» አሉት። «ፀጉርህን ላስተካክልህ።»

ልጁ ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆመው አቀበቱን እስኪጨርስ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

ከዚያ ስኳር በሽታቸው ጠናባቸው። መጀመሪያ እግራቸው ቆሰለ፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ደከመ፣ በመጨረሻ አልጋ ያዙ። የእድሩ ሰዎች በተራ ይጠይቃሉ፤ የሰው ነገር ነውና ተራው እየሳሳ ሄደ። አንድ እሁድ ስመጣ አስቴር ቤታቸው ውስጥ ተቀምጣ አጥሚት ስታጠጣቸው አገኘኋት። ደንግጬ በሩ ላይ ቆምኩ። «ግባ፣ ብርድ አታስገባ» አለችኝ። ማን እንደነገራት፣ ምን ብላ እንደገባች አልጠየቅኩም። ከዚያ በኋላ ከሾላ ስትመለስ በየቀኑ ትገባ ነበር። እግራቸውን ታጥባለች፣ ቁስሉን በጨው ውኃ ትጠርጋለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። የሚነጋገሩት «ጨው በዛ?» «አልበዛም»፣ «ላገላብጥዎት?» «እሺ» ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔ እያለሁ «አስቴር፣ ያ ነገር…» ብለው ጀመሩ። ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋችና «ይብሉ» አለቻቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሉ።

ያረፉ ዕለት ስደርስ አስከሬኑ ተገንዟል። የእድሩ ሊቀ መንበር አስተማሪ ነህ ብሎ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ አዘዘኝ። አስቴር ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ። የትውልድ ቦታቸውን፣ የውትድርና ዘመናቸውን፣ ፀጉር አስተካካይነታቸውን ጻፍኩና ቆምኩ። እሷ ከኋላዬ ለሰው የሚቀርበውን እንጀራ ታጥፋለች።

«ስለ ዮናስ ልጻፍ?» አልኳት።

«ምን ብለህ?»

«አላውቅም። በመጨረሻ አስታመምሻቸው። ታርቃችኋል ብዬ—»

«እንደሱ ብለህ እንዳትጽፍ» አለች። እጇን ጠርጋ ፊት ለፊቴ መጣች። «አበላኋቸው። አጠብኳቸው። ዓይናቸውን ከደንኩላቸው። ይቅር ግን አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ምኑን ይቅር እላለሁ መምህር? ማልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።» ወደ እንጀራዋ ተመለሰች። «ብቻቸውን እንዳይሞቱ ነው የገባሁት። ሌላ ሰው የለንም፣ እሳቸውም እኔም።»

ስለ ዮናስ ሳልጽፍ ቀረሁ። ቀብሩ ላይ ያችን ትንሽ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። አፈሩ ገብቶ ሲያበቃ፣ ከጥንት ጓዶቻቸው አንዱ የሆኑ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ወደ አስቴር መጡ። ጥቁር ለብሳ ከሁሉም ፊት ቆማ ስላዩዋት ነው።

«እግዜር ያጥናሽ» አሏት። «ልጃቸው ነሽ?»

«አይደለሁም» አለች። «ልጄን በጣም ይወዱት ነበር።»